ለጦር ተሠርቶ ለቀዘፋ የተረፈው ቤት

የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሲያትል ግቢ ወደ ደቡብ ወርዶ ከውኃ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ፣ የሞንትሌክ ቦይ ወደ ዋሽንግተን ሐይቅ በሚከፈትበት አፍ ላይ፣ አንድ ግዙፍ የእንጨት ቤት ቆሟል። ብዙ ሐበሻ ከሰፈረበት ከከተማዋ ደቡባዊ ክፍል በከተማ ባቡር ተሳፍሮ ስታዲየሙ አጠገብ ለወረደ ሰው የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ቤቱ ሲታይ መጋዘን ይመስላል፤ ፊቱን ለውኃው የሰጠ፣ ትልልቅ ተንሸራታች በሮች የተገጠሙለት፣ ጌጥ የሚባል ነገር ያልጎበኘው። ሰው የሚያውቀው በአንድ ታሪክ ብቻ ነው፦ በ1936 በርሊን ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ የወሰዱት ዘጠኝ ተማሪዎች ጀልባቸውን ተሸክመው የሚወጡት ከዚህ ነበር። ዳንኤል ጄምስ ብራውን «ዘ ቦይስ ኢን ዘ ቦት» በሚለው መጽሐፉ በ2013 ታሪካቸውን ለዓለም አዳረሰ፤ ጆርጅ ክሉኒ ደግሞ በ2023 ፊልም አደረገው (እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ሊያይ የሚመጣ ሁሉ የሚያየው የዘጠኙን ልጆች መድረክ ነው። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ከዚህ ይለያል። ቤቱ ድሉ የተከናወነበት መድረክ አልነበረም፤ ከድሉ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ከዚያም አልፎ የበርሊኑ ወርቅ ለቤቱ ከሚቀርቡት ማስረጃዎች ሁሉ ጠንካራው አይደለም።

ነገሩ የሚጀምረው ከስፖርት ውጭ ነው። አሜሪካ በ1917 አንደኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ባሕር ኃይሏ በዩኒቨርሲቲው ግቢ የማሠልጠኛ ሰፈር አቋቋመ። በውኃ ላይ ተነሥተው በውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች በዚያ ዘመን ትልቅ ተስፋ የተጣለባቸው ነበሩ፤ እዚያው ሲያትል ውስጥ ዊልያም ቦይንግ በዩኒየን ሐይቅ ዳር የጀመረው ድርጅት ከባሕር ኃይሉ የ50 ማሠልጠኛ አውሮፕላኖች ትእዛዝ ተቀብሎ ነበር። ለሠልጣኞቹ አውሮፕላን ማቆያ የሚሆነው ሃንጋር በ1918 ተሠራ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ጦርነቱ አበቃ፤ ሃንጋሩም ለተሠራለት ዓላማ አንድ ቀን ሳይውል ባለቤት አልባ ሆነ። ብዙ የጦርነት ትርፍ ሕንፃ ዕጣው መፍረስ ነበር። ይኼኛው የተረፈው ዩኒቨርሲቲው ለታሪክ ስለተቆረቆረ ሳይሆን የቀዘፋ ቡድኑ የሚገባበት ስላጣ ነው። ለአውሮፕላን ክንፍ ሲባል ሰፊ የተደረገው በር፣ መሐሉ በምሰሶ ያልተከፋፈለው ወለል፣ ወደ ውኃው የሚወርደው ተዳፋት፣ ሁሉም 18 ሜትር ለሚረዝም ጀልባ ልክ ሆነው ተገኙ። አቅዶ እንዲህ ያለ የጀልባ ቤት የሚሠራ ሰው በዚያን ጊዜ ሲያትል ውስጥ አልነበረም፤ ቢኖርም ገንዘቡ አይገኝም ነበር።

በዚያው ዘመን የምሥራቁ ጠረፍ ዩኒቨርሲቲዎች የጀልባ ቤት ምን ይመስል እንደነበር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሃርቫርድ በ1900 በቻርልስ ወንዝ ዳር ያስገነባው የኒወል ቤት በወጣትነቱ ራሱ ቀዛፊ በነበረ ስመ ጥር አርክቴክት የተነደፈ ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ጎረቤቱ የዌልድ ቤት በአንድ ባለጸጋ ስጦታ ቆመ። በፊላደልፊያ የስኩልኪል ወንዝ ዳር በረድፍ የተሰለፉት የክለብ ቤቶችም የከተማዋ ጌጥ ተደርገው የሚቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ቤቶች ጀልባ ማስቀመጫ ብቻ ሳይሆኑ የአንድ መደብ ሳሎን ነበሩ፤ የድሮ ተማሪ ከልጁ አሰልጣኝ ጋር የሚጨባበጥባቸው። ሲያትል ያገኘው ግን ሳሎን የሌለው፣ ነፋስ የሚያስገባ ባዶ ወለል ነበር። ሙግቴ የሚቆመው በዚህ ባዶነት ላይ ነው። ባዶ ቤት ምን እንደሚገባበት የሚወስነው የሚጠቀምበት ሰው ነው፤ የሲያትል ሰዎች ደግሞ ያስገቡት የአናጢ ወርክሾፕ ነው።

ቀዘፋን በቴሌቪዥን እንኳ አይቶ ለማያውቅ አንባቢ የጀልባ ቤት ለምን እንደዚህ ወሳኝ እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል። የውድድር ጀልባ ከሌላው ጀልባ ጋር የሚጋራው መንሳፈፉን ብቻ ነው ቢባል አይጋነንም። ባለ ስምንቱ ጀልባ ርዝመቱ ከ18 ሜትር ያላነሰ፣ ወርዱ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በእንጨቱ ዘመን ገላው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በታች በሆነ ስስ ሳንቃ ይሸፈን ነበር፤ ሳይጠነቀቅ የረገጠው ሰው እግሩ በስቶት ይወጣል። የጣና ሰው የደንገል ታንኳው ውኃ ጠጥታ እንዳትከብድ ሥራ ሲያበቃ አውጥቶ እንደሚያደርቃት ሁሉ፣ ይህም ጀልባ ውኃ ላይ አያድርም። ልምምዱ ሲያልቅ ስምንቱ ቀዛፊዎች ጎን ለጎን ቆመው፣ ከዘጠነኛው ሰው በሚወጣ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ከውኃው ያነሡታል፤ ከራሳቸው በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ገልብጠው ትከሻቸው ላይ ያሳርፉታል፤ በሩን አልፈው መደርደሪያው ላይ ያጋድሙታል። ዘጠነኛው ሰው የማይቀዝፈው መሪ ነው። ከሁሉ ትንሹ፣ ፊቱን ወደሚሄዱበት ያዞረ ብቸኛው ሰው፣ መሪውን መቆጣጠሪያ ይዞ ምቱን የሚያዝዝ። አንዱ ተሸካሚ እርምጃው ቢዛባ ጀልባው ይሰበራል። ስለዚህ የቡድኑ ትምህርት የሚጀምረው ውኃው ላይ ሳይሆን በሩ ላይ ነው፤ ቤቱም ጠባብ ከሆነ ትምህርቱ ይበላሻል።

ሃንጋሩ ከመምጣቱ በፊት ቡድኑ የነበረበት ሁኔታ ሊያስቅ ይችላል። አሰልጣኙ ሃይረም ኮኒቤር በ1907 ሥራውን ሲይዝ ስለ ቀዘፋ ምንም አያውቅም ነበር፤ ከቤዝቦል ቡድን የሰውነት ማጎልመሻ ሥራ የመጣ ሰው ነው። ስለ እርሱ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ የሰው አጽም ከዩኒቨርሲቲው ተውሶ፣ የቀዘፋ ወንበር ላይ አስሮ፣ እጁ ላይ የመጥረጊያ እንጨት አስይዞ፣ እያንዳንዱ አጥንት በምቱ ጊዜ የት እንደሚደርስ አጠና የሚል ነው። ቡድኑ በ1909 በግቢው ውስጥ ከተካሄደው የአላስካ፣ ዩኮንና ፓስፊክ ኤግዚቢሽን የተረፉ ሕንፃዎችን ይጠቀም ነበር። ኮኒቤር ግን አንድ ነገር በትክክል ገባው፤ የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማምጣት እንዳለበት። በካናዳዋ ቫንኩቨር ወደብ ላይ በተንሳፋፊ ወርክሾፕ ጀልባ የሚሠሩ ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ወንድማማቾች ነበሩ፤ ጆርጅና ዲክ ፖኮክ። አባታቸው በእንግሊዝ የኢተን ኮሌጅ ጀልባ ሠሪ ነበር፤ ልጆቹም ያደጉት በቴምዝ ወንዝ ላይ ሙያውን በእጃቸው፣ ቀዘፋውን በገላቸው እየተማሩ ነው። ኮኒቤር በ1912 አሥራ ሁለት ባለ ስምንት ጀልባ አዝዤላችኋለሁ ብሎ ወደ ሲያትል አመጣቸው። ትእዛዙ በኋላ ወደ አንድ ጀልባ ወረደ፤ ገንዘብ አልነበረምና። የሠሩበትም ቦታ ከኤግዚቢሽኑ የተረፈ የጃፓን ሻይ ቤት ነበር። ኮኒቤር በ1917 ከቤቱ ግቢ የፕለም ዛፍ ላይ ወድቆ ሞተ፤ ሃንጋሩን አላየውም። ጆርጅ ፖኮክ ደግሞ ወደ ቦይንግ ገብቶ ነበር፤ የባሕር ኃይሉ አውሮፕላኖች ውኃ ላይ የሚቆሙባቸውን ተንሳፋፊ እግሮች ይሠራ ነበር። አውሮፕላኑ ይቆምበታል በተባለው ቤት ውስጥ በመጨረሻ የገባው እግሩን የሠራው አናጢ ሆነ።

ፖኮክ ከቦይንግ ወጥቶ ሙሉ ጊዜውን ለውድድር ጀልባ የሰጠው በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ አሰልጣኙ ረስቲ ካሎው ካሳመነው በኋላ ነው። ወርክሾፑ ሃንጋሩ ውስጥ ላይኛው ደረጃ ላይ ተዘጋጀለት። ከታች መደርደሪያው፣ የቀዛፊው ግርግር፣ የአሰልጣኙ ትእዛዝ፤ ከላይ መላጊያው፣ መጋዙ፣ የቫርኒሹ ሽታ። በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ጀልባ ሠሪ ማለት ደብዳቤ የሚጻፍለት ነጋዴ ነበር፤ ጀልባው በባቡር ይመጣል፣ ቢሰበር ያው ነው። እዚህ ግን ጀልባ ሠሪው የሠራው ጀልባ ማለዳ ሲወጣና ሲመለስ ከበሩ ላይ ያየዋል። የትኛው ቀዛፊ ወንበር ላይ እንደሚንሸራተት፣ የትኛው መቅዘፊያውን ዘግይቶ እንደሚያወጣ፣ ጀልባው ከኋላ ይሰምጥ እንደሆነ ያያል። ልጆቹም ደረጃውን ወጥተው ሲሠራ ያዩታል። የእርሱን ሙያ ከሌላው የለየው አንዱ ነገር የእንጨት ምርጫው ነው፦ ቀድሞ የጀልባ ገላ ከውጭ በሚመጣ እንጨት ይሠራ ነበር፤ በ1927 ገደማ ግን ሬድ ሲዳር ወደሚሉት፣ በዚያው አካባቢ ደን ውስጥ ወደሚበቅለው ቀይ እንጨት ዞረ። ይህ እንጨት ቀላል ነው፤ አይበሰብስም ለማለት ይቻላል፤ በእንፋሎት ሲጋል የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ከዚህም በላይ እርጥበት ሲነካው ትንሽ ይለጠጣል፤ ሁለቱ ጫፎች በአጽሙ ስለተያዙ ግን መሄጃ ያጣል፤ ስለዚህ ጀልባው ውስጡ እንደ ተወጠረ ይቆያል፣ በእያንዳንዱ ምት መሐል ወደፊት የመንጠር ባሕርይ ያገኛል። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘውም። ደኑ አጠገቡ ነበር፤ ሐይቁ ከበሩ ፊት ነበር፤ የሠራውን የሚሞክሩለት ስምንት ጠንካራ ልጆች ከወለሉ በታች ነበሩ። የቤቱ ሥራ የምለው ይህን የሦስቱን በአንድ ቦታ መገናኘት ነው።

አሁን በርሊን። በ1936 ሰኔ ላይ የዋሽንግተን ልጆች በሃድሰን ወንዝ ላይ በሚካሄደው በፖኪፕሲ ውድድር ከጀማሪዎቹ እስከ ዋናው ቡድን ሦስቱንም ውድድር ጠራርገው ወሰዱ። በፕሪንስተን የኦሊምፒኩን ማጣሪያም አሸነፉ፤ ወዲያው ግን ወደ በርሊን መሄጃ 5,000 ዶላር ከራሳችሁ ካላመጣችሁ ሁለተኛ የወጣው ይሄዳል ተባሉ። ሲያትል በሁለት ቀን ገንዘቡን አዋጣች። በግሩናው ሐይቅ ላይ ሂትለር ተቀምጦ ያይ ነበር፤ ከሰባቱ የቀዘፋ ውድድሮች አምስቱን ጀርመን ወስዳለች። አሜሪካኖቹ በማጣሪያው ከሁሉ ፈጥነው ሳለ ለነፋስ የተጋለጠው የዳር መስመር ተሰጣቸው፤ የምቱን ፍጥነት የሚመራው ዶን ሂውም ታሞ ነበር። አጀማመራቸው ዘገየ፤ ግማሹን መንገድ ከኋላ ነበሩ፤ መሪው ቦቢ ሞክ ምቱን ከፍ እያደረገ ወስዶ በመጨረሻው መቶ ሜትሮች አሳለፋቸው። ሰዓቱ 6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ ነበር። ጣልያን በ6 ደቂቃ ከ26.0 ሁለተኛ፣ ጀርመን በ26.4 ሦስተኛ፤ ሦስቱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ። የተቀመጡባት «ኸስኪ ክሊፐር» የተባለችው ጀልባ ከዚያ ሃንጋር ላይኛው ወርክሾፕ የወጣች ነበረች።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ ዓይኑ ሁለተኛ በወጣችው ጣልያን ላይ መቆሙ አይቀርም። ውድድሩ የተካሄደው ነሐሴ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ነበር፤ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ የተረሸኑት ሐምሌ 22፣ ከውድድሩ 16 ቀን በፊት ነው። የጣልያን ቀዛፊዎች የመጡት ከሊቮርኖ ሲሆን፣ ከተማዋ ኢትዮጵያን ከአየር የደበደበው፣ በዚያው ክረምት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆነው የጋሌያሶ ቻኖ የትውልድ ስፍራ ናት። ቀዛፊዎቹ ወታደሮች አልነበሩም፤ በእነርሱ ላይ የምለው የለኝም። ግን ያ ስድስት ዐሥረኛ ሰከንድ ለሙሶሊኒ የምሥራች ሳይሆን መቅረቱን እኛ በግድየለሽነት ልናነበው አንችልም፤ የአሜሪካ ጸሐፊዎች ስለ ሂትለር ሲጽፉ ሁለተኛ የወጣው ቡድን በማን ባንዲራ ሥር እንደነበረ ዘለው ያልፋሉ። ይህን ብዬ ወደ ቤቱ እመለሳለሁ።

በሙግቴ ላይ የሚነሣው ጠንካራው ተቃውሞ እንዲህ ይላል፦ የፖኮክ ጀልባ የዋሽንግተን ብቻ አልነበረም። በ1930ዎቹ በመላ አሜሪካ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ይገዙት ነበር፤ ቀንደኛው ተቀናቃኝ ካሊፎርኒያም ጭምር። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1928 አምስተርዳም ላይ፣ በ1932 ሎስ አንጀለስ ላይ፣ ከዚያም በ1948 ለንደን ላይ ወርቅ ወስዷል፤ የጀልባ ሠሪው ወርክሾፕ ግን ከእነርሱ አናት ላይ አልነበረም። እንግዲህ ጀልባው በባቡር የሚሄድ ከሆነ ቤቱ ምን ጨመረ? ተቃውሞው ትክክለኛ እውነታ ይዟል፤ መልሱ ያለው ግን ካሊፎርኒያን ያሠለጠነው ማን ነበር በሚለው ላይ ነው። ካይ ኢብራይት በኮኒቤር ዘመን የዋሽንግተን ጀልባ መሪ የነበረ፣ ካሊፎርኒያ ከመሄዱ በፊትም በዋሽንግተን ያሠለጠነ ሰው ነው። ዝርዝሩ በዚህ አያቆምም። ከጦርነቱ በኋላ ሃንጋሩ ውስጥ የመጀመሪያው ዋና አሰልጣኝ የነበረው ኤድ ሊደር በ1922 ወደ ዬል ሄደ፤ ዲክ ፖኮክም ጀልባ ሊሠራ ተከትሎት ሄደ፤ የዬል ቡድን በ1924 ፓሪስ ላይ ወርቅ ወሰደ። (በዚያች ጀልባ ላይ በኋላ የሕፃናት ሐኪምነቱና መጽሐፉ ዓለም ያወቀው ቤንጃሚን ስፖክ ነበረበት።) ረስቲ ካሎው በ1923 ዋሽንግተንን በፖኪፕሲ ለድል ያበቃ ነው፤ ከምዕራቡ ጠረፍ መጥቶ ዋናውን ውድድር ያሸነፈ ቡድን ከዚያ በፊት አልነበረም። ካሎው በኋላ ወደ ፔንሲልቬንያ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ኃይል አካዳሚ ሄዶ በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ወርቅ አገኘ። በበርሊን ዘመን የጀማሪዎቹ አሰልጣኝ የነበረው ቶም ቦልስን ሃርቫርድ ወሰደው። አሁን ቢደመር፣ ከ1924 እስከ 1952 በተካሄዱት ስድስት ኦሊምፒኮች በሙሉ ባለ ስምንቱን ወርቅ የወሰዱት አሜሪካውያን፣ አሰልጣኛቸው ከዋሽንግተን የጀልባ ቤት የወጣ ሰው ነበር። በርሊን ከስድስቱ አንዷ ናት።

ስለዚህ ተቃውሞው ሙግቴን ከማፍረስ ይልቅ ያሰፋዋል። ቤቱ ያመረተው አንድ ቡድን ሳይሆን አንድ የአቀዛዘፍ ዘይቤና ዘይቤውን የሚያስተምሩ ሰዎችን ነው። ኮኒቤር በአጽሙ የጀመረውን፣ ፖኮክ ከቴምዝ ጀልበኞች የወረሰውን፣ ሊደርና ካሎው በየማለዳው ውኃው ላይ የፈተኑትን አንድ ላይ ያቦካው ቦታ እርሱ ነው። አንድ አሰልጣኝ ጀልባ ሠሪውን ጀልባው ለምን ወደ ግራ ያደላል ብሎ ለመጠየቅ ደብዳቤ ጽፎ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ካለበት፣ ጥያቄውን ከነጭራሹ አይጠይቅም። ደረጃ መውጣት ብቻ ከሆነ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ዕውቀት የሚከማችበት ፍጥነት ከቦታው አሠራር ጋር የተያያዘ ነው፤ ከተከማቸ በኋላ ግን በሰው ጭንቅላት ተሸክሞ ወደ ካሊፎርኒያም ወደ ዬልም ይሄዳል። ይህ ለሌላ ተቃውሞም መልስ ይሆናል። ቡድኑ በ1949 ሃንጋሩን ለቆ በኮኒቤር ስም ወደ ተሠራው አዲስ ቤት ገባ፤ ማሸነፉ ግን አልቆመም፤ በ1958 ሞስኮ ድረስ ሄዶ የሶቪየቶችን ቡድን በገዛ ውኃቸው አሸንፏል። ቤቱ ያን ያህል ምክንያት ቢሆን ኖሮ ከወጡበት በኋላ መድከም ነበረባቸው የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። አዎ፣ በ1949 ቤቱ አስፈላጊ መሆኑ አብቅቶ ነበር። የምለው ሁልጊዜ ያስፈልጋል ሳይሆን ሠላሳ ዓመት ሲያስፈልግ ነበረ ነው።

የተለመደው ታሪክ ምክንያቱን የሚያኖረው ሌላ ቦታ ነው፤ በልጆቹ ችግር ላይ። ከዘጠኙ አንዱ ጆ ራንትስ በልጅነቱ ቤተሰቡ ጥሎት የሄደ፣ ራሱን እየመገበ ያደገ ነው፤ ሌሎቹም የእንጨት ቆራጭ፣ የገበሬ፣ የዓሣ አስጋሪ ልጆች ነበሩ፤ ዘመኑ የኢኮኖሚው ውድቀት ዘመን ነው። ድህነት አጠነከራቸው፣ ጥንካሬው አሸነፈ ይባላል። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ፊልም የሚወደውም ይህን ነው። ግን በ1936 አሜሪካ ውስጥ የድኻ ልጅ ሞልቶ ነበር፤ ያውም ጉልበት ያለው። አብዛኛው ቀዘፋ የሚባል ነገር መኖሩንም ሳያውቅ ሸመገለ። ችግር ሰውን ለሥራ ያዘጋጀው ይሆናል፤ ግን የተዘጋጀውን ሰው የሚቀበል በር ከሌለ ዝግጅቱ ብቻውን የትም አያደርስም። ዋሽንግተን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ የጀልባ ቤቱም የባለጸጋ ስም ያልተጻፈበት የጦር ትርፍ ነበር፤ ማንም ወንድ ተማሪ ገብቶ ለመሞከር የሚጠየቀው መምጣቱን ብቻ ነው። የእንጨት ቆራጭ ልጅ የሃርቫርዱን የኒወል ቤት ደጃፍ ቢረግጥ ምን ይሰማው እንደነበር ለመገመት ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

«ማንም ወንድ ተማሪ» ያልኩት በስሕተት አይደለም። በኮኒቤር ዘመን ሴት ተማሪዎችም ይቀዝፉ ነበር፤ የፖኮኮቹ እኅት ሉሲ፣ ራሷ በቴምዝ ላይ የሴቶች ሻምፒዮን የነበረች፣ ሲያትል መጥታ አሠልጥናቸዋለች። ሃንጋሩ የጀልባ ቤት ሆኖ ስሙ ሲገንን ግን የሴቶቹ ቀዘፋ ከስሞ ለአሥርት ዓመታት ጠፋ። በሩ ክፍት ነበር የምለው ከዚህ ቅናሽ ጋር ነው። በትምህርት ተቋማት የፆታ መድልዎን የከለከለው ሕግ በ1972 ከወጣ በኋላ ነው ሴቶቹ በወጉ የተመለሱት፤ በ1997 የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶች ቀዘፋ ሻምፒዮና ሲያዘጋጅ ዋንጫውን የወሰዱት የዋሽንግተን ሴቶች ነበሩ። ከ1936ቱ ጀልባ ጋር ሲተያይ ይህ ድል ፊልም አልተሠራለትም። ሌላም ቅናሽ አለ። ሞንትሌክ ቦይ ከመቆፈሩ በፊት ቦታው በሁለቱ ሐይቆች መሐል ያለ ጠባብ የብስ ነበር፤ የዱዋሚሽና የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ታንኳቸውን ተሸክመው ከሐይቅ ሐይቅ የሚሻገሩበት። ቦዩ በ1916 ሲከፈት ዋሽንግተን ሐይቅ ወደ 3 ሜትር ገደማ ወረደ፤ የሐይቁ መውጫ የነበረው፣ ዱዋሚሾች በዳርቻው ይኖሩበት የነበረው ጥቁር ወንዝ ደረቀ። ቡድኑ የሚለማመድበትን ቀጥ ያለና ጸጥ ያለ ውኃ የሰጠው ያው ቁፋሮ ነው። ይህ የቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ቦዩን አልቆፈረም። ታሪኩን በ1918 የሚጀምር ግን በዚያ መሬት ላይ ጀልባ ተሸክሞ የመሄድ ልማድ ከዩኒቨርሲቲው በጣም የቆየ መሆኑን ይደብቃል።

ቡድኑ ከወጣ በኋላ ያለው ዘመን ቶሎ ይነገራል። ሃንጋሩ እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ተማሪ ለመዝናኛ ታንኳ የሚከራይበት ቤት ሆነ፤ ከዚያም ዕቃ ማከማቻ። በ1975 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች ብሔራዊ መዝገብ ላይ ሰፈረ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው፣ ይህ የሆነው መጽሐፉ ከመጻፉ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ነው፤ የባሕር ኃይሉ ሃንጋርነቱም ከቀዘፋው እኩል ተቆጥሮለታል፤ የአንደኛው ጦርነት የእንጨት ሃንጋር በአገሪቱ እምብዛም አልተረፈምና። በ2018 ደግሞ የሲያትል ከተማ ቅርስ ተባለ። ዩኒቨርሲቲው አድሶ ለስብሰባ፣ ለድግስና ለጉብኝት እንዲውል ከለጋሾች ሚሊዮኖች ዶላር ሲያሰባስብ ቆይቷል። ገንዘቡ የሚመጣው በፊልሙ ዝና ነው የሚለው ትችት ሐሰት አይደለም። ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው እንግሊዝ አገር መሆኑ ደግሞ ነገሩን አስቂኝ ያደርገዋል። ግን ለጋሽ የሚሰጥበት ምክንያት ቤቱ ከሚገባው ክብር ጋር አንድ መሆን የለበትም፤ ዝናው ጣሪያውን ካደሰ ይበቃል።

የሚያሳስበው ከእድሳቱ በኋላ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ነው። ዘጠኙን ልጆች ለማየት የሚመጣ ሰው የዘጠኙን ፎቶ ማየቱ አይከፋም፤ ኸስኪ ክሊፐር ግን አሁን ባለችበት በኮኒቤር ቤት የምግብ አዳራሽ ጣሪያ ላይ ብትቆይ ይሻላል፤ የዛሬ ቀዛፊዎች በየዕለቱ ከሥሯ ይበላሉና። አሮጌው ቤት የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ታችኛው ወለል ለድግስ ይከራይ፤ ጥገና በነፃ አይሠራም። ላይኛው ደረጃ ግን በመስታወት የታጠረ የፖኮክ መታሰቢያ ከሚሆን ይልቅ እውነተኛ ወርክሾፕ ሆኖ ቢከፈት፣ አናጢ እየተቀጠረበት፣ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ታንኳ ፈልፋዮችም ተራ እየተሰጣቸው፣ የምህንድስና ተማሪ መላጊያና ሙጫ የሚነካበት ቢሆን፣ ቤቱ ቀድሞ የሠራውን ሥራ ይሠራል። ከደረጃው አጠገብ ደግሞ የስድስቱ ኦሊምፒኮች አሰልጣኞች ስም ይጻፍ፤ ከስማቸው ጎን ካሊፎርኒያ፣ ዬልና ባሕር ኃይል አካዳሚ ይስፈሩ። ዋሽንግተኖች የተቀናቃኝ ስም በገዛ ግድግዳቸው ላይ መጻፍ ሊከብዳቸው ይችላል፤ በተለይ የካሊፎርኒያን።